አንዲት ብሎን፣ ሁለት ክሮምቡክ

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ነው የምትማረው። አባቷ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከላት፤ ትናንት ማታ በፌስታል ጠቅልላ አባይ ማዶ ድረስ ይዛልኝ መጣች። «ጋሼ፣ ይበራል፤ ግን ለምንም አይሆንም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቅር መሰኘት ነበር። አባቷ ያንን ብር እንዴት እንዳጠራቀመው ታውቃለች።

አበራሁት። ኤሰር ሲ720 ክሮምቡክ ነው፤ ክሮምቡክ የጉግልን ሲስተም ይዞ የሚመጣ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ ላይ ጭረት የለም፤ የኪቦርዱ ቁልፍ ሁሉ ይሠራል፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ከሩብ አይዘልም፣ ለተማሪ ቦርሳ የተሠራ ነው የሚመስለው። እንዳለችው ግን ብሮውዘሩ አርጅቷል። ግማሹን ድረ ገጽ አይከፍትም፤ አፕዴት ፈልግ ሲሉት ደግሞ ከእንግዲህ አፕዴት እንደማያገኝ ይናገራል።

ይህ ሞዴል በፈረንጆች 2013 ከ199 ዶላር ጀምሮ ለገበያ የቀረበ ነው። ኢንቴል ሴሌሮን 2955ዩ፣ 1.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለት ኮር። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይጨመርም፤ የኛው ደግነቱ ባለ 4 ጊጋ ነው፤ ማከማቻው 16 ጊጋ። የአፕዴት ዘመኑ ያበቃው በ2019 ነው። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌሩ ባለበት ቆመ እንጂ ዕቃው አንድም ነገር አልጎደለበትም።

«ሊኑክስ ጫንበትና ስጣት» ብለው የሚመክሩ ይኖራሉ፤ በነጻ የሚገኝ ሌላ ሲስተም ነው። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። በዚህ ላፕቶፕ ላይ ግን ችግር አለው። ፋብሪካው የሰጠው ፈርምዌር ሌላ ሲስተም የሚያስነሳው ዴቨሎፐር ሞድ (ለሶፍትዌር ሠሪዎች የተተወ አሠራር) ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። እዚያ ሞድ ውስጥ ደግሞ በተበራ ቁጥር ነጭ የማስጠንቀቂያ ገጽ ይመጣል፤ 30 ሴኮንድ ይጠብቅና ይጮኻል። ያ ገጽ ላይ ስፔስ ከዚያም ኢንተር የነካ ሰው ሞዱን ያጠፋዋል፣ በላዩ ያለውም ሁሉ ይደመሰሳል። አንድ ዶርም ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር አስቡት። አንዷ ጓደኛዋ «ልክፈተው» ብላ እነዚህን ቁልፎች ብትነካ የመመረቂያ ጽሑፏ ሄደ ማለት ነው። ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅም የተስተካከለው ቅንብር ይጠፋል። ይህን ይዛ እንድትሄድ ልቤ እሺ አላለኝም።

ስለዚህ ፈርምዌሩን ራሱን ልቀይር ነው። ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው፣ ራሙን የሚቀሰቅሰው፣ ከዚያም ሲስተሙን «ተነሥ» የሚለው ፕሮግራም ማለት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ በምትገኝ ባለ ስምንት እግር፣ 8 ሜጋባይት የምትይዝ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ሞዴል የሚሆነው ክፍት (ኮዱን ማንም ሊያየው የሚችል) ፈርምዌር ሚስተር ክሮምቦክስ በሚል ስም የሚታወቅ ባለሙያ አዘጋጅቶ በነጻ የሚያከፋፍለው ነው፤ መሠረቱ ኮርቡት ነው። ኮርቡት በፈረንጆች 1999 ሎስ አላሞስ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሮን ሚኒክ የጀመረው ሥራ ነው። ያኔ ሊኑክስባዮስ ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ2008 ነው። መነሻውም የታወቀ ችግር ነው፤ ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ላይ አስሮ የሚያሠራ ሰው፣ አንዱ ሳይነሣ በቀረ ቁጥር ኪቦርድና ስክሪን ተሸክሞ አይሮጥም። አብዛኞቹ ክሮምቡኮች ራሳቸው ከፋብሪካ ሲወጡ ኮርቡት ነው ያላቸው፤ ስለዚህ ወደ ባዕድ ነገር እየቀየርኩት አይደለም። ሁሉም ክፍት ነው ግን አልልም። ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለውን የመሰሉ የኢንቴል ቁራጮች እንደተዘጉ አብረው ይቆያሉ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀመርኩ። ኤስኬፕ፣ ሪፍሬሽና ፓወር አንድ ላይ፤ ከዚያ ኮንትሮልና ዲ፤ ከዚያ ኢንተር። ዴቨሎፐር ሞድ ገባ፤ የነበረውን ሁሉ አጸዳ። ማጽዳቱ ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪጠጣ ድረስ ወሰደበት።

ቀጥሎ የመጫኛውን ስክሪፕት ከኢንተርኔት ማውረድ ነበር፤ እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ባከነ። ምክንያቱን እጽፈዋለሁ፣ ሌላም ሰው ይደርስበታልና። ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ ብዙ ወር ስለተቀመጠ ሰዓቱ ተዛብቶ ነበር። ከስልኬ ዳታ ጋር ከማገናኘቴ በፊት ቀኑን በእጄ ላስተካክል ብዬ ተርሚናሉ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ስክሪፕቱን ላውርድ ስል እምቢ አለ፤ የድረ ገጹ ሰርተፊኬት (እውነተኛነቱን የሚያሳየው መታወቂያ) ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል። ጊዜው ያለፈበት ቢል ይገባኝ ነበር። «ገና» ሲል ግን ግራ ገባኝ። ዳታዬ ነው ብዬ ስልኬን አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ኔትወርኩ ነው ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ያው ነው። የእህቴ ልጅ ናት ከትከሻዬ በላይ አይታ ያገኘችው። «ጋሼ፣ 2018 ብለህ እኮ ነው የጻፍከው።»

እውነቷን ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኛን ካሌንደር እያየሁ ኅዳር 7 ቀን 2018ን ወደ ፈረንጅ ወር ስመልስ ቀኑንና ወሩን ቀይሬ ዓመቱን ረሳሁት። ማሽኑም ኖቬምበር 16 ቀን 2018 ላይ ቆሞ፣ ከዓመታት በኋላ የተሰጠውን ሰርተፊኬት «ገና አልተወለደም» አለው። 2025 ብዬ ሳርመው ወዲያው ወረደ። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጃችሁ ከገባ፣ ሰርተፊኬት አልቀበልም ሲላችሁ ኔትወርኩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ዓመቱን እዩ።

ስክሪፕቱ ሲከፈት የማሽኑን መታወቂያ ያሳያል። የቦርዱ ስም ፔፒ፣ የኢንቴል ሃስዌል ትውልድ፣ ፈርምዌሩ የፋብሪካው፣ የጽሕፈት መከላከያው በሥራ ላይ። የመጨረሻው መስመር ሳይለወጥ ምንም አይጻፍም። ዛሬ እዚህ ላይ አቆምኩ።

ባትሪውንም አየሁት። ከተሠራበት አቅም የሚይዘው 60 በመቶ ያህሉን ነው። ለማንበብ ይበቃል። ለመጻፍ ግን መቶ ሳይሞላ አልነካውም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ከመጻፌ በፊት መመለሻ መንገድ ልይዝ ፈለግሁ። ቺፑ በግማሽ ተጽፎ ቢቀር ላፕቶፑ አይበራም። ማዳኛው ከውጭ ቺፑን በቀጥታ የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራመር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ዕቃ በማን እጅ እንዳለ ሳስብ ትዝ ያለኝ የዲሽ ጠጋኝ ነው። ሪሲቨር ሲሞት ቺፑን አውጥተው እንደገና የሚጽፉት በዚሁ ነው።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ሲኤች341ኤ የሚባለውን ጥቁሩን ሰሌዳ ከነመቆንጠጫው ከመሳቢያው አወጣና «ውሰደው ወንድሜ፣ ቅዳሜ ማታ መልስልኝ» አለኝ። ስለ ኪራይ ባነሳ ተቆጣኝ።

ቤት ገብቼ በመልቲሜትር ለካሁት። እንደፈራሁት ነው፤ ለቺፑ ኃይል የሚሰጠው እግር 3.3 ቮልት ነው፣ መረጃ የሚያመላልሱት እግሮች ግን 5 ቮልት ይሰጣሉ። የጥቁሩ ሰሌዳ የታወቀ ጉድለት ነው። የሲ720 ቺፕ የ3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቢደርሰው ብዙ ጊዜ ይሸከመዋል፣ አንዳንዴ አይሸከመውም። ስለዚህ ከሞት በኋላ የሚሞከር መድኃኒት አድርጌ አስቀመጥኩት። ከሲ720 በኋላ የመጡ፣ ቤይ ትሬይልና ብራስዌል የሚባሉት ርካሽ ክሮምቡኮች ደግሞ ቺፓቸው በአብዛኛው የ1.8 ቮልት ስለሆነ ያለ ማስተካከያ አዳፕተር ይህን ዕቃ ጨርሶ ማስጠጋት አይገባም። ለልጁም ነገርኩት። የራሱን ሪሲቨሮች ያቃጠለበት ምን እንደሆነ ገብቶት ቆይቶ ስልክ ደወለልኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል ነው። ጠዋት ሽምብጥ ደርሼ መጣሁ። ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ጭሱ በመስኮት ይገባል። አያቴ በ1911 የገባው የኅዳር በሽታ ያተረፈልን ልማድ ነው ይሉ ነበር። ጭስና አመድ ባለበት ቀን ላፕቶፕ አልከፍትም። ባትሪው ቻርጅ ላይ ነው፤ ሌላ ሥራ የለም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዋናው ቀን።

ጠዋት ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አስጠጋሁ፣ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩበት። የሚወድቅ ብሎን ነጭ ላይ ይታያል። የእንቁላል ካርቶን አመጣሁ፤ ብሎኖቹን እንደ አቀማመጣቸው አንድ በአንድ ጉድጓዶቹ ውስጥ አስገባኋቸው። ከሥር ያሉት ሁሉ ባለ መስቀል ራስ ናቸው፤ አንዷ በስቲከር ተሸፍናለችና ጣት እየዳበሰ ያገኛታል። ክዳኑን በካቻቢቴ አልፈለቀቅኩትም፤ በአሮጌ የሞባይል ካርድ ዙሪያውን እየሄድኩ፣ እያንዳንዱን መንጠቆ «ጠቅ» ሲል እየሰማሁ አላቀቅኩት። ከዚያ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ነቀልኩ።

የጽሕፈት መከላከያዋን ብሎን ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሌሎቹ ብሎኖች ሰሌዳውን ከአካሉ ጋር ለመያዝ ሲሆን የእሷ ሥራ ሌላ ነው። ስፈታት ከሥሯ የመዳብ ቀለበት ታየ፤ ቀለበቱ ግን ሙሉ አይደለም፣ መሐሉን በቀጭን መስመር ለሁለት ተከፍሏል፣ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ። ብሎኗ ስትጠብቅ ራሷ በሁለቱ ግማሾች ላይ ያርፍና ያገናኛቸዋል፤ ግንኙነቱ ለቺፑ «አትጻፍ» የሚል ምልክት ይሰጠዋል። ስትፈታ ግማሾቹ ይለያያሉ፣ መከላከያውንም ማንሣት ይቻላል። ነገሩ ይኸው ነው።

እዚያ ላይ በአጉሊ መነጽር ብዙ ቆየሁ። የእህቴ ልጅም አየችው፤ «ይህን ያህል ነገር በአንዲት ብሎን?» አለች። ብዙ ሰው ይህችን ብሎን እንደ እንቅፋት ያወራታል። እኔ እንደዚያ አላያትም። የተዘጋ በር ብዙ ዓይነት ነው፤ ቁልፉ ሩቅ አገር ያለ በር አለ፣ ባለቤቱ ራሱ የማይከፍተው። ይህ ግን የሚከፈተው ዕቃውን በእጁ ይዞ፣ ካቻቢቴ አንሥቶ፣ ክዳኑን በገለጠ ሰው ብቻ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣ ሌባ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ብሎን አይፈታም። ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ የሚኖር አገር ሰው ይህን ዓይነት አሠራር መፈለግና ዋጋ መስጠት አለበት እላለሁ። ዕቃ ሲገዛ «ስንት ጊጋ ነው» እንደምንለው ሁሉ «መክፈቻው በማን እጅ ነው» ብለን ብንጠይቅ ደስ ይለኛል።

ብሎኗን በትንሽ ዚፕ ፌስታል ውስጥ አድርጌ «መከላከያ፣ ሲ720» ብዬ ጻፍኩባት። ባትሪውን መልሼ ሰካሁ፣ ክዳኑን ለጊዜው ሳላጠብቅ ገጠምኩ፣ አበራሁ። ስክሪፕቱ አሁን መከላከያው ጠፍቷል አለ።

መጀመሪያ ባክአፕ። የፋብሪካውን ፈርምዌር ሙሉ በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። የፋይሉን መጠን አየሁ፤ 8,388,608 ባይት፣ ልክ 8 ሜጋ። አንድ ባይት ቢጎድል አልቀጥልም ነበር። ፍላሹን ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት፣ ሁለተኛ ቅጂ አደረግሁ። ይህ ፋይል የሌላ ሲ720 ፋይል አይደለም፤ የዚህን ዕቃ መለያ ቁጥርና መረጃ የያዘ ነው። ጠፍቶ ቢገኝ የሌላውን ወስዶ መተካት የተሟላ መልስ አይሆንም።

ማታ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ባትሪው መቶ በመቶ፣ ቻርጀሩም እንደተሰካ፣ ሙሉውን የዩኢኤፍአይ (ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ሲስተም የሚያስነሡበት የተለመደ ደንብ) ፈርምዌር ጫን የሚለውን መረጥኩ። ስክሪፕቱ አዲሱን ፋይል መጀመሪያ ሙሉውን ያወርዳል፣ እንዳልተበላሸ ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቺፑን የሚነካው። ቅደም ተከተሉ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከደቂቃ በኋላ ታየ። ፍላሽሮም የሚባለው ፕሮግራም መጻፉን እንደጀመረ፣ የሚደመስሰውንና የሚጽፈውን ክፍል እየቆጠረ ሳለ፣ መብራት ሄደ።

ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ራውተሩ ጠፋ፣ የቻርጀሩ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ብርሃን የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ነው፤ በጥቁሩ ላይ ነጫጭ ፊደላት። ማናችንም አልተናገርንም። የእህቴ ልጅ ስልኳን ለማብራት እንኳ እጇን አላነሣችም። ፋይሉ አስቀድሞ ወርዶ ስላለቀ ኢንተርኔቱ መጥፋቱ አይጎዳም፤ የተቀረው የባትሪው ጉዳይ ነው። እኔ የማየው ጥጉ ላይ ያለውን መስመር ነው። መጻፉ አለቀ። ማረጋገጥ ጀመረ። ማረጋገጥ ማለት የጻፈውን መልሶ አንብቦ ከፋይሉ ጋር ማስተያየት ነው፤ ከመጻፉ የማያንስ ዋጋ አለው። ከዚያ «ቬሪፋይድ» የምትለዋ ቃል መጣች።

አጠፋሁት፣ አበራሁት። ስክሪኑ ጥቁር። መጀመሪያ ሲበራ ራሙን ከባዶ ስለሚለማመደው እንደሚዘገይ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማወቅ ልብን አያሳርፍም። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ብዬ በልቤ ቆጠርኩ። አርባ ላይ ስደርስ የኮርቡት ምልክት የሆነችው ጥንቸል እየሮጠች ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። የእህቴ ልጅ አጨበጨበች። መብራቱ የመጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ፕሮግራመሩን ሳልጠቀምበት ለባለቤቱ መለስኩ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ዴቢያን 13 የሚባለውን ሊኑክስ ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል ገጽታ ጋር ጫንኩ። ሲበራ ኤስኬፕ ስትጫን መምረጫው ይመጣል፣ ፍላሹን ትመርጣለህ፤ ከዚህ በኋላ እንደማንኛውም ላፕቶፕ ነው። የሚጮኽ ገጽ የለም፣ ስፔስ ብትነካ የሚጠፋ ነገር የለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አደረግሁ፤ መጨረሻ ላይ ሲስተሙን የሚያስነሣውን ግረብን በተለመደው የተንቀሳቃሽ ዲስክ መንገድም ላይ ላስቀምጥ ወይ ሲል «አዎ» አልኩት። ፈርምዌሩ የመነሻውን አድራሻ ቢረሳ እንኳ እዚያ ይፈልጋል።

ድምፅ አልነበረም። ሲስተሙ የኤችዲኤምአዩን የድምፅ መውጫ አስቀድሞ ስለመረጠ ነው፤ ከቅንብሩ ውስጥ የውስጡን ስመርጥለት ተናገረ። አቢሲኒካ የሚባለውን የግእዝ ፎንትና የአማርኛውን ኪቦርድ ጨመርኩ። ይህ ኪቦርድ ካፕስ ሎክ የለውም፣ በቦታው ፍለጋ ያለበት ቁልፍ ነው ያለው፤ እሱን አማርኛና እንግሊዝኛ መቀያየሪያ አደረግሁት። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን መስመር ተየበች፤ ለአባቷ የምትልከው ምስጋና ነው።

ብሎኗን መልሼ አሰርኳት። እንዳትጠፋ ነው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ወሬ ፈጣን ነው። ሐይቁ ዳር፣ ከሽምብጥ በኩል የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ላፕቶፓቸውን አቅፈው መጡ። የእህቴን ልጅ ታሪክ ሰምተው ነው። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይህን ተመልከትልኝ፤ አልተበላሸም፣ ይረሳል እንጂ» አሉኝ። ያው ሲ720 ነው፣ ባለ 2 ጊጋው።

ሳበራው ጥንቸሏ መጣች! ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው ክፍቱን ፈርምዌር ከብዙ ዓመት በፊት ጭኖበታል። ጋሊየም የሚባለው ለክሮምቡክ የተዘጋጀ ሊኑክስም አለበት፤ እሱም ራሱ የመጨረሻው እትም የወጣው በ2019 ነው። ችግሩ ከጥንቸሏ በኋላ ነው። ሲስተሙ በመነሣት ፋንታ በጥቁር ስክሪን ላይ ቢጫ ጽሑፍ ይዘረገፋል፣ ትእዛዝ ይጠብቃል። መምህሩ ኪቦርዱ ግርጌ፣ መዳፍ በሚያርፍበት ላይ፣ በፕላስተር አንዲት ወረቀት ለጥፈዋል። በጥንቃቄ በተጻፉ የላቲን ፊደላት አራት መስመር አለ፤ በያንዳንዱ ሥር በአማርኛ «ይህን ጽፈህ ኢንተር በል»፣ «ነጥቧን አትርሳ» የሚል። በየቀኑ እሱን እያዩ ነው የሚያስነሡት። ፕላስተሩ ጠርዙ ጠቁሯል፤ ስንት ጊዜ እንደተነካ ያስታውቃል።

የአሮጌዎቹ እትሞች ጉድለት ነው። የዩኢኤፍአይ ፈርምዌር «ሲስተምህ እዚህ ፋይል ውስጥ ነው» የሚለውን ማስታወሻ ቺፑ ላይ በቋሚነት መያዝ ነበረበት፤ ያ እትም ግን ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋበታል። አዲሱ ይይዘዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፈርምዌሩን ማደስ ብቻ ነው።

ዲስኩ ላይ የዕድሜ ልክ የቅኔ ማስታወሻቸው አለ። «እሱ ከተነካ ይቅርብኝ» አሉኝ። ፈርምዌሩ የሚጻፈው ቺፑ ላይ እንጂ ዲስኩ ላይ እንዳልሆነ አስረዳኋቸው፤ ሆኖም በቃሌ ብቻ እንዲያምኑ አልፈለግሁም። መጀመሪያ ጽሑፋቸውን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገልብጬ በእጃቸው ሰጠኋቸው፣ በኪሳቸው ከተቱት።

ክዳኑን ስከፍት የጽሕፈት መከላከያዋ ብሎን የለችም፤ የተከፈለው ቀለበት ባዶውን ነው። የቀድሞው ሰው ፈትቶ አልመለሳትም። ማራገቢያው ውስጥ ግን የሐይቁ ትንኝ ደርቆ እንደ ገለባ ተከምሯል፤ ማታ መብራት ሲያዩ እየገቡ ነው። በለስላሳ ብሩሽ አወጣሁት።

የነበረውን ሲስተም ላለመንካት ከፍላሽ በሚነሣ ዴቢያን ሠራሁ። መጀመሪያ ስክሪፕቱ ቺፑን ማንበብ አልቻለም። አዳዲሶቹ የሊኑክስ ከርነሎች (የሲስተሙ እምብርት) አንድ ፕሮግራም ወደ ማሽኑ የሜሞሪ አድራሻዎች በቀጥታ እንዳይደርስ ይከለክላሉ፤ ጥሩ ክልከላ ነው፣ ለዚህች ሥራ ግን መላላት አለበት። እንደገና አስነሣሁ፣ ግረብ ሲመጣ ኢ የሚለውን ፊደል ተጫንኩ፣ ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «አይኦሜም» ከዚያ የእኩል ምልክት ከዚያ «ሪላክስድ» የሚለውን ጨመርኩ። ለዚያ አንድ መነሣት ብቻ ነው የሚሠራው፤ በሚቀጥለው ራሱ ይጠፋል። አሁን ቺፑ ተነበበ። ያለውን አሮጌ ፈርምዌር ባክአፕ አደረግሁ፣ መጠኑን አየሁ፣ አዲሱን ጻፍኩ። መብራቱም አልጠፋም።

ሲነሣ ወዲያው ወደ ሲስተሙ አልገባም፤ ይህን ጠብቄ ነበር። አዲሱ ፈርምዌር ማስታወሻ መያዝ ይችላል እንጂ የሚይዘውን ገና ማንም አልነገረውም። ከምርጫው ውስጥ ገብቼ የጋሊየምን የመነሻ ፋይል አሳየሁት፣ በቋሚ ዝርዝሩ ውስጥ አስመዘገብኩት፣ የመጀመሪያው አደረግሁት። አጠፋሁ፤ አበራሁ፤ ገባ። ባትሪውን ነቅዬ ጥቂት ቆይቼ መልሼ ሰካሁ፤ ገባ።

ለጠፋችው ብሎን ከአሮጌ ላፕቶፕ ተመሳሳይ ፈልጌ አሰርኩ። ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት ለመምህሩ ቀለበቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ገፍተው ዝቅ አሉና ብዙ ቆዩ።

አንድ ነገር ግን ነገርኳቸው፤ ጋሊየም ራሱ አርጅቷልና ወደ ዴቢያን መሸጋገር አለባቸው። ለ2 ጊጋ ራም ኤልኤክስኪውቲ የሚባለው ቀለል ያለ ገጽታ ይሻላል። «ጾሙን እንፍታና» አሉኝ፤ የነቢያት ጾም ካበቃ በኋላ ተቀጣጥረናል።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

መምህሩ ጋ አለፍኩ። በረንዳ ላይ ሆነው ይተይባሉ። ዛሬ ጠዋት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ባትሪያቸውም አልቆ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ተነሥቷል። ወረቀቷ አሁንም በቦታዋ ናት። ልላጣት እጄን ስዘረጋ በመዳፋቸው ሸፈኗት፣ «ተዋት፣ ትቆይ» አሉኝ። የነጥቧን መስመር ብቻ በእስክሪብቶ ሰርዘዋል፤ ከጎኑ ቀኑን ጽፈዋል፤ ኅዳር 20።